ኪዮቶ በር ትፈልጋለች

በጃፓኗ ኪዮቶ ለአንድ ሌሊት በነፍስ ወከፍ 100 ሺህ የንና ከዚያ በላይ የሚከፍል እንግዳ፣ ከማርች 1 ቀን 2026 ወዲህ በላዩ 10 ሺህ የን ለከተማው አስተዳደር እንዲከፍል ተደንግጓል። ከዚያ በፊት የዚህ የማደሪያ ግብር ጣሪያ 1,000 የን ነበር። ከ6 ሺህ የን በታች በሆነ ቤት የሚያድር ሰው ግን የሚጠየቀው እንደ ድሮው 200 የን ነው፤ በመካከሉ 400፣ 1,000 እና 4,000 የን የሚያስከፍሉ እርከኖች አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬው ሲሰማ ብዙ ሰው የያዘው “ዐሥር እጥፍ” የሚለውን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ግብሩ የተጣለው በሚያድር ሰው ላይ መሆኑ ነው። ወደ ኪዮቶ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው አያድርም። ከኦሳካ በተለመደው ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር ሩብ ሰዓት ብቻ ይፈጃል። ጠዋት መጥቶ፣ በወርቅ የተለበጠውን ቤተ መቅደስ አይቶ፣ በቀዮቹ በሮች ሥር ፎቶ ተነስቶ፣ ራቱን ኦሳካ የሚበላ ሰው ለኪዮቶ የሚተውላት የአውቶቡስ ሒሳብና ባዶ ጠርሙስ ነው። የማደሪያ ግብሩ እሱን አይነካውም።

አስተዳደሩ ይህን ያጣዋል ማለት አይደለም። ገንዘብ የሚሰበሰበው ሰው ቆሞ ስሙን በሚያስመዘግብበት፣ ትኬት በሚቆርጥበት፣ በአንድ ቃል በር ባለበት ቦታ ነው። ኪዮቶ ውስጥ በር ያላቸው ሆቴሎችና ቤተ መቅደሶች ናቸው። ቤተ መቅደሶቹን ለመቅረጥ ከተማዋ አንድ ጊዜ ሞክራ ክፉኛ ተሸንፋለች፤ ወደዚያ ታሪክ እመለሳለሁ።

ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። ከ1467 እስከ 1477 የዘለቀው የኦኒን ጦርነት አብዛኛውን ከተማ አመድ ስላደረገው፣ ዛሬ ጥንታዊ ተብሎ ከሚታየው ብዙው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ታዋቂው የኪዮሚዙዴራ ቤተ መቅደስ የተመሠረተው በ778 ቢሆንም፣ ከገደሉ ጫፍ በ13 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው ዋናው አዳራሹ የ1633 ሥራ ነው። በወርቅ የተለበጠው ኪንካኩጂ ደግሞ በ1950 በአንድ ወጣት ረድ እጅ ተቃጥሎ በ1955 እንደገና የተሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ ለአቶሚክ ቦምብ ከታጩት አንዷ ነበረች፤ ከዝርዝሩ ያስወጧት የአሜሪካው የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ናቸው። ቶኪዮና ኦሳካ ሲቃጠሉ ኪዮቶ ከነእንጨት ቤቶቿ ተረፈች። ዩኔስኮ በ1994 በኪዮቶና በአጎራባቾቹ በኡጂና በኦትሱ የሚገኙ 17 ቦታዎችን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

በከተማዋ በተለምዶ 1,600 የቡድሃ ቤተ መቅደሶችና የጃፓን አገር በቀል እምነት የሆነው የሺንቶ 400 መቅደሶች አሉ ይባላል። ይህን ያህል ካለ እንግዳው ለምን አይበታተንም? ምክንያቱ በከፊል ስልክ ነው፤ ሰው የሚመጣው አስቀድሞ በስልኩ ያየውን ያንኑ ሥዕል ራሱ ለማንሳት ነው፤ ሥዕሉም ከአምስትና ከስድስት ቦታ አይዘልም። ኪዮሚዙዴራ፣ ፉሺሚ ኢናሪ፣ ኪንካኩጂ፣ የአራሺያማ የቀርከሃ ጫካ፣ ጊዮን። አስተዳደሩ እንደ ኦሃራ፣ ታካኦና ያማሺና ያሉትን የዳር ሰፈሮች እያስተዋወቀ፣ የትኛው ቦታ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ የሚተነብይ ካርታ እያወጣ ሰውን ለመበተን ይጥራል። ጥረቱን አልንቅም፤ ግን ዐሥራ ሁለት ሰዓት በአውሮፕላን በሮ የመጣ ሰው ኪንካኩጂን ሳያይ ታካኦ ሂድ ቢሉት አይሄድም። እኔም ብሆን አልሄድም።

ብዛቱ ድንገተኛ ነው። ጃፓን በ2012 የተቀበለችው የውጭ እንግዳ 8.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2019 ከ31 ሚሊዮን አለፈ፤ ኮቪድ ዘግቶት ቆየና በ2024 ወደ 36.9 ሚሊዮን ወጣ። መንግሥት ለእስያ ጎረቤቶቹ የቪዛ ደንብ አላላ፣ ርካሽ በረራዎች ተበራከቱ፣ በመጨረሻም የን ወደቀ፤ በ2024 ክረምት አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ ይመነዘር ነበር። ድሮ ውድ ትባል የነበረች አገር በአንድ ጊዜ ርካሽ ሆነች። የመንግሥት ዕቅድ ደግሞ በ2030 እንግዳውን 60 ሚሊዮን ማድረስ ነው። ቶኪዮ ያለው ሚኒስቴር ይህን ቁጥር ሲጽፍ፣ ቁጥሩን በአውቶቡስ የሚሸከመው የኪዮቶ ነዋሪ ነው።

አውቶቡስ ያልኩት በምክንያት ነው። ኪዮቶ በሦስት ጎን በተራራ የተከበበች ዝርግ ሸለቆ ናት፤ ዝነኞቹ ቤተ መቅደሶች ያሉት በተራሮቹ ግርጌ፣ በከተማዋ ዳርና ዳር ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ ግን ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን የሚያቋርጠው መሀሉን ነው። ሁለተኛው መስመር በ1997 ሲከፈት ወጪው ከታሰበው በእጅጉ አልፎ ነበር፤ መሬቱ በተቆፈረ ቁጥር የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ስለሚወጣ ሥራው እየቆመ ለአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ይተዋል። ያ ዕዳ እስከ ዛሬ አስተዳደሩን ይከተለዋል፤ በኮቪድ ዘመን የቀድሞው ከንቲባ ዳይሳኩ ካዶካዋ ከተማዋ ልትከስር ትችላለች ብለው እስከማስጠንቀቅ ደርሰዋል። ስለዚህ ሦስተኛ መስመር የሚታሰብ አይደለም። ወደ ኪንካኩጂ የሚሄድ ቱሪስት ከነሻንጣው፣ ወደ ሐኪም ቤት ከሚሄዱ እናት ጋር በአንድ አውቶቡስ ይጋፋል።

የሚያናድደው፣ ይህን ግፊያ ከተማዋ ራሷ ስታበረታታው መቆየቷ ነው። በ700 የን ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ የሚያስጋልብ ትኬት ትሸጥ ነበር። መደበኛው የአንድ ጉዞ ዋጋ 230 የን ስለሆነ አራት ጊዜ የተሳፈረ ሰው ያተርፋል፤ ቱሪስትም ያተረፈ እየመሰለው ሁለት ፌርማታ እንኳ አይራመድም ነበር። ትኬቱ መሸጡ የቆመው በ2023 መኸር ነው፤ በምትኩ የምድር ውስጥ ባቡርንም የሚጨምረው ነባሩ የ1,100 የን ትኬት ቀረ። በጁን 2024 ደግሞ ከባቡር ጣቢያው በቀጥታ ወደ ኪዮሚዙዴራ፣ ወደ ጊዮንና ጊንካኩጂ ወደሚባል ሌላ ቤተ መቅደስ የሚሄድ፣ 500 የን የሚያስከፍል የቱሪስት ፈጣን አውቶቡስ ተጀመረ። ዘግይቶም ቢሆን ይህ ከማስታወቂያ ሁሉ የሚሻል እርምጃ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤተ መቅደሶቹ። ሜጂ የሚባለው አዲሱ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት በ1868 ሥልጣን ሲይዝ ቡድሂዝምንና ሺንቶን በአዋጅ ለያየ፤ ቀጥሎም የቤተ መቅደሶቹን ርስት ወሰደ። በዚያው ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ ሄዱ። ርስታቸውንም ደጋፊ መኳንንቶቻቸውንም ያጡት ገዳማት መተዳደሪያ ፈለጉ፤ ቀስ በቀስም መልሱ ሊሳለም የሚመጣው መንገደኛ የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ሆነ። ይህ ገንዘብ በሕግ ፊት እንደ መባ ስለሚቆጠር የትርፍ ግብር አይከፈልበትም። ኪንካኩጂ በ500 የን የሚሰጥህ ትኬት እንኳ የሲኒማ ዓይነት ቁራጭ አይደለም፤ የቤትህን ደኅንነት የሚለምን ጸሎት የተጻፈበት ረጅም ወረቀት ነው፤ ጃፓናውያን ወስደው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ስንቱ እንግዳ ሻንጣው ውስጥ አጣጥፎ እንደሚጥለው መገመት ነው።

ከተማው ይህን ገንዘብ ሲያይ ኖሯል። በ1956 ለባህል አዳራሽ ማሠሪያ በሚል በመግቢያው ላይ ግብር ጣለ፤ በ1964 በሌላ ስም ሲደግመው ሁለተኛ እንዲህ ያለ ግብር እንደማይጥል በጽሑፍ ተስማማ። ሃያ ዓመት ሲሞላ ስምምነቱ ተረሳና በጁላይ 1985 ታዋቂ ቤተ መቅደሶችን ከሚጎበኝ እያንዳንዱ አዋቂ 50 የን የሚሰበስብ “የጥንታዊት ከተማ መጠበቂያ” ግብር ወጣ። ሃምሳ የን ያኔም ከቡና ዋጋ የማይደርስ ሳንቲም ነው። መነኮሳቱ ግን ተነሱ፦ እዚህ የሚገባ ሰው ሊሳለም ነው የሚገባው፤ በስግደት ላይ ቀረጥ የሚጥል መንግሥት የሃይማኖት ነፃነትን ይጥሳል አሉ። ከዚያም ኪዮሚዙዴራ፣ ኪንካኩጂ፣ ጊንካኩጂና ሌሎችም በራቸውን በቱሪስት ፊት ዘጉ።

የሆነውን አስቡት። የኪዮቶ ዋና ዋና መስህቦች ተዘግተው አስጎብኚ አውቶቡሶች ይመለሳሉ፤ በኪዮሚዙዴራ አቀበት ላይ ሸክላና ጣፋጭ የሚሸጡ ሱቆች ገበያ ያጣሉ፤ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች አንዴ ከንቲባውን፣ አንዴ መነኮሳቱን ይለምናሉ። ድርድሩ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ በሮቹም እንዲሁ፣ ነገሩ ከዓመት በላይ ተጎተተ። ግብሩ በማርች 1988 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ማንም ከንቲባ ወደ ቤተ መቅደስ በር እጁን አልዘረጋም። በ2018 ከተማዋ የማደሪያ ግብር ስትጀምር ሆቴሎችን የመረጠችው፣ ሆቴል በሩን ዘግቶ ማመፅ ስለማይችል ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

መነኮሳቱ እውነት ነበራቸው ወይ? ግማሹን ነበራቸው። በላሊበላ ትኬት ቆርጦ የሚገባውን ጎብኚና ነጠላውን አጣፍቶ የሚሳለመውን ምዕመን በአንድ በር ሲተላለፉ ያየ ሰው፣ አንዱን ሕንፃ ሁለት ዓይነት ሰው እንደሚገባው ያውቃል። በር ላይ ተቀምጦ ማን ለመስገድ፣ ማን ለማየት እንደመጣ መለየት ከባድ ነው። ነገር ግን የኪዮቶ ቤተ መቅደሶች ሁሉንም “ሰጋጅ” ብለው ገንዘቡን ሲቀበሉ፣ ሰጋጁ በመንገዱ ላይ የሚጥለውን ቆሻሻና የሚያጣብበውን አውቶቡስ ለከተማው ተዉት። ያኔ ችግሩ ትንሽ ስለነበር አልታየም።

እዚያው ኪዮቶ ውስጥ በሩን በሌላ መንገድ የተጠቀመ ቤተ መቅደስ አለ። ሳይሆጂ፣ በሣር ሳይሆን መሬቱን በሸፈነው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የሚታወቀው የአትክልት ስፍራ፣ በ1977 ልቅ ጉብኝትን አቆመ። የሰው እግር ሽበቱን እያጠፋው፣ ጎረቤቱም በመኪና ጭስና ጫጫታ ተማርሮ ነበር። ከዚያ ጀምሮ መግባት የሚፈልግ ሰው በፖስታ ካርድ አስቀድሞ እንዲያመለክት ተደረገ፤ ዛሬ በኢንተርኔትም ይቻላል፤ ክፍያውም ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ነው። ሲገባ በቀጥታ ወደ አትክልቱ አይሄድም። የቡድሃ ጸሎት ጽሑፍ ፊቱ ይቀርብለታል፤ በብሩሽ ቀድቶ ይጽፈዋል፣ ከዚያ በኋላ በአትክልቱ ውስጥ ይመላለሳል። ገቢያቸው ሊቀንስ ይችላል ብለው አልፈሩም፤ ወይም ፈርተውም አደረጉት። ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠጋው፣ ሽበቱም አለ፤ የሚገቡትም የሚያዩትን ነገር እያወቁ ነው የሚገቡት።

የሳይሆጂን ደንብ ለሁሉም ማድረግ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ችግሩ ሳይሆጂ አጥር አለው። ፉሺሚ ኢናሪን ምን ታደርገዋለህ? በ711 እንደተመሠረተ የሚነገርለት ይህ የሺንቶ መቅደስ ተራራ ነው፤ 233 ሜትር ከፍታ ያለው ሙሉ ተራራ። ቶሪ የሚባሉት ቀያይ በሮች ቁጥራቸው ወደ 10 ሺህ ይገመታል፤ ነጋዴዎችና ድርጅቶች ለንግዳቸው በረከት ሲለምኑ ወይም ስለት ሲያደርሱ የሰጧቸው ናቸው፤ የሰጪው ስምና ቀኑ በጀርባቸው ተጽፏል። ትኬት የለም፣ የመዝጊያ ሰዓት የለም፣ ሙዳየ ምጽዋት ብቻ አለ። የሩዝና የንግድ አምላክ የሚባለውን ኢናሪን በሌሊት ሊለምን የሚወጣ ሰው አለና፣ ተራራውን ማጠር መቅደሱን መግደል ነው። እዚህ ያለው አንድ መፍትሔ መራመድ ነው፤ ግፊያው እስከ መጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ በሮች ነው፤ ከዚያ አልፎ አቀበቱን የሚወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቻውን ሊሆን ይችላል። የአራሺያማው የቀርከሃ መንገድም እንዲሁ ክፍት ነው። በ2025 ከ300 በላይ ቀርከሃዎች ላይ ጎብኚዎች ስማቸውን ቀርጸው መገኘታቸው ዜና ሆኗል፤ ቀርከሃ ደግሞ ቁስሉ አይሽርም።

ከሁሉም የከረረው ግን ጊዮን ላይ ነው። ጊዮን መቅደስ አይደለም፤ የያሳካ መቅደስ ደጃፍ ላይ የበቀለ፣ ጌይኮና ማይኮ የሚባሉ የጭፈራና የዜማ ባለሙያዎች የሚኖሩበትና የሚሠሩበት ሰፈር ነው። (ጌይሻ በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃሉ፤ ማይኮ ገና በሥልጠና ላይ ያለች ወጣት ናት።) የያሳካ የበጋ በዓል መነሻ በ869 ወረርሽኝን ለማስቆም የተደረገ ምሕላ ሲሆን፣ በየጁላይ የከበሩ ግዙፍ ሠረገሎች በገመድ እየተጎተቱ ያልፋሉ። በሰፈሩ ያለች ማይኮ ማታ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ ስልክ የደገነ ሰው መንገድ ይዘጋባታል፣ ልብሷን ይጎትታል። በ2019 የሰፈሩ ማኅበር በግል መንገዶች ላይ ፎቶ ማንሳትን ከለከለ፤ የሚጥስ 10 ሺህ የን እንደሚቀጣ ሰሌዳ ሰቀለ። ሰው አልሰማም። በ2024 ጸደይ ጉራንጉሮቹን ለቱሪስት ጨርሶ ዘጋቸው፤ ዋናው ጎዳና ሃናሚኮጂ ግን የሕዝብ መንገድ ስለሆነ ክፍት ነው።

ጉራንጉሮቹን መዝጋት የተቻለው በሜጂ ዘመን ዕጣ ነው። ይህ ደቡባዊ ጊዮን የቆመው ከኬኒንጂ ገዳም በተወረሰ ርስት ላይ ሲሆን፣ መሬቱ በኋላ ማይኮዎችን በሚያስተምር ተቋም እጅ ገባ። ስለዚህ መንገዶቹ የግል ናቸው፤ የግል የሆነ ነገር በር ይበጅለታል። አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር፦ ዛሬ ጊዮን ከተመልካች እንዲጠበቅ የሚሟገት ሰፈር፣ ዝነኛውን የፀደይ ጭፈራውን የጀመረው በ1872 ለኪዮቶ ኤግዚቢሽን፣ ማለትም እንግዳ ለመሳብ ነበር። ንጉሥ የሄደባት ከተማ ከረሃብ ለመዳን ራሷን ማሳየት ነበረባት። ያኔ ግን ተመልካቹ ትኬት ገዝቶ አዳራሽ ይገባል፤ የዛሬው ግን ማይኮዋን መንገድ ላይ ይጠብቃታል።

የነዋሪው እሮሮ ከግፊያም ያልፋል። ማቺያ የሚባሉት ፊታቸው ጠባብ፣ ወደ ውስጥ የሚረዝሙ የእንጨት ቤቶች በ2016 በተደረገው ቆጠራ 40 ሺህ ገደማ ቀርተው ነበር፤ በዓመት 800 ያህሉ ይፈርሳሉ። ከተማዋ በ2007 በመሀል የሚሠራ ሕንፃ ከ31 ሜትር እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ውሳኔው የተራሮቹን እይታ አድኗል፤ ግን ቦታን አሳጥሯል። ባለው ጥቂት ቦታ ላይ ሆቴል ከመኖሪያ ቤት የተሻለ ስለሚከፍል፣ ወጣት ቤተሰቦች ወደ አጎራባች ከተሞች ይሄዳሉ። የሚያድር እንግዳ በበዛ ቁጥር ግብሩ ይበዛል፤ የሚኖር ሰው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ሌላው ግብር ያንሳል። ስለዚህ የማደሪያ ግብር ሲጨምር አስተዳደሩ ይበልጥ በሆቴል ላይ ይደገፋል ብዬ እሰጋለሁ።

ሌሎች የጃፓን ቦታዎች ከኪዮቶ ይልቅ የቀለላቸው በር ስላላቸው ነው። ወደ ሚያጂማ ደሴት መቅደስ የሚሻገር ሰው ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በጀልባው ዋጋ ላይ 100 የን ይጨምራል። በፉጂ ተራራ የያማናሺ ክፍለ አገር በ2024 በዋናው የመውጫ መንገድ ላይ እውነተኛ በር አቁሞ በቀን ከ4,000 ሰው በላይ አላሳልፍም አለ። ሂሜጂ የጥንት ግንቡን መግቢያ በማርች 2026 ለከተማው ነዋሪ 1,000፣ ለሌላው 2,500 የን እንዲሆን ወሰነች። ደሴት፣ ተራራ፣ ግንብ። ኪዮቶ ግን 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ባቡር ጣቢያዋ ላይ ፓስፖርት የማይጠየቅባት ከተማ ናት።

በ2024 የተመረጡት ከንቲባ ኮጂ ማትሱይ በር ሊያቆሙ የፈለጉት አውቶቡሱ ላይ ነው፤ ነዋሪው ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከፍ ያለ ዋጋ እንዲከፍል። ሐሳቡ ምክንያት አለው፤ አውቶቡሱን በግብሩ የሚደጉመው ነዋሪው ነው። ነገር ግን ሕጉ በተሳፋሪዎች መካከል ያለ አግባብ ማበላለጥን ይከለክላል፤ ሾፌሩም ማን ነዋሪ እንደሆነ ፊት አይቶ ሊፈርድ አይችልም፤ ስለዚህ የመሳፈሪያ ካርድን ከዜጎች መታወቂያ ቁጥር ጋር ማያያዝ ታስቧል። “ሌላው” የሚባለው ደግሞ የውጭ አገር ሰው ብቻ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ከኡጂ ወይም ከኦትሱ ተነስቶ ኪዮቶ ውስጥ የሚማር ወይም ሐኪም ቤት የሚሠራ ጃፓናዊም በዚያው ዋጋ ሊቆጠር ነው። የእነዚያ ከተሞች ቤተ መቅደሶች፣ ቢዮዶኢንና ኤንሪያኩጂ፣ በ1994ቱ መዝገብ የኪዮቶ ቅርስ ተብለው ተቆጥረዋል፤ በአውቶቡሱ ላይ ግን ነዋሪዎቻቸው ከቱሪስት ሊመደቡ ነው።